ማሽኑ የገለበጠው ዳታቤዝ፦ ክላሱ ተጽፏል፣ ትርጉሙስ?

አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሥራ ይገጥማችኋል። አንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ሲጠቀምበት የኖረ ዳታቤዝ አለው። የሠራው ሰው ለቆ ሄዷል፤ ማብራሪያ የሚባል ወረቀት የለም። እናንተ ደግሞ «በዚህ ላይ አዲስ ዌብሳይት ሥሩልን» ተብላችኋል። ሠንጠረዦቹን ስትቆጥሩ ሰማንያ ደረሱ። ለእያንዳንዱ በእጅ ክላስ መጻፍ? ኧረ ይቅር! ጓደኛችሁ መጣና «ምን አስጨነቃችሁ? አንድ ትእዛዝ ብቻ እኮ ነው» አላችሁ። ትእዛዙን ሰጣችሁ፤ ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ ሰማንያው ክላስ ተጽፎ አለቀ።

ደስ ይላል። እኔም ደስ ይለኛል። ግን ቆይ፣ አሁን ዳታቤዙን አወቃችሁት ማለት ነው? ወይስ ያላወቃችሁትን ነገር ወደ ሌላ ቋንቋ ገልብጣችሁ ያዛችሁት? ዛሬ ሁለት የታወቁ መሣሪያዎችን በዚህ ጥያቄ እንመዝናለን፦ የጃንጎን «ኢንስፔክትዲቢ» እና የኤስኪውኤል አልኬሚን «አውቶማፕ»። ሁለቱም ለፓይተን ቋንቋ የተሠሩና በነጻ የሚገኙ ናቸው።

ነገሩ ምንድን ነው?

ኤድጋር ኮድ የተባለ የአይቢኤም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ መረጃን በሠንጠረዥ መልክ የማደራጀትን ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ ዳታቤዞች የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። በዚህ ዓለም ያለው ረድፍና ዓምድ ነው። አንዱ ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር የሚገናኘው በቁጥር ነው፦ «ይህ አልበም የአርቲስት ቁጥር 5 ነው» እንደማለት።

ፕሮግራመሩ ግን የሚኖረው በሌላ ዓለም ነው። እሱ «አርቲስት» የሚባል ኦብጀክት ይዞ «አልበሞችህን አምጣ» ማለት ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉመው ሶፍትዌር በምሕጻረ ቃል ኦአርኤም ይባላል። ኦአርኤሙ ሥራውን እንዲሠራ ለእያንዳንዱ ሠንጠረዥ አንድ ክላስ ሊኖር ይገባል። ክላሱን ራሳችን ጽፈን ዳታቤዙ ከእሱ እንዲፈጠር ማድረግ እንችላለን። ዳታቤዙ ቀድሞ ካለ ደግሞ ተገላቢጦሹን እናደርጋለን፤ ክላሱ ከዳታቤዙ ይወጣል።

መሣሪያው ይህን የሚያደርገው በአስማት አይደለም። እያንዳንዱ ዳታቤዝ ስለ ራሱ የሚናገር መዝገብ አለው፤ በማይኤስኪውኤልና በፖስትግሬስ «ኢንፎርሜሽን ስኪማ» ይሉታል። መሣሪያው ወደዚያ መዝገብ ሄዶ ይጠይቃል፦ ምን ምን ሠንጠረዥ አለህ? ዓምዶቹ ማን ይባላሉ? ዓይነታቸው ምንድን ነው? ዋና ቁልፉ የቱ ነው? የትኛው ዓምድ ወደ የትኛው ሠንጠረዥ ይጠቁማል? መልሱን ሰብስቦ ክላስ ያደርገዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። መዝገቡ ያላለውን መሣሪያው ሊያውቅ አይችልም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ሒሱ ሁሉ የሚነሳው ከእሷ ነው።

ቺኑክን እንፈትን

ለፈተና የመረጥኩት «ቺኑክ» የተባለውን የመለማመጃ ዳታቤዝ ነው። የአንድ ምናባዊ የሙዚቃ ሱቅ መዝገብ ሲሆን 11 ሠንጠረዦች፣ 275 አርቲስቶች፣ 347 አልበሞችና 3503 ትራኮች አሉት። ንጹሕ ነው፤ ቁልፎቹ በሙሉ በደንብ ተጽፈዋል። በዚህ ላይ የሚሳሳት መሣሪያ በተዝረከረከ ዳታቤዝ ላይ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

መጀመሪያ ምስጋናውን ልስጥ። ሁለቱም መሣሪያዎች የዓምዶቹን ስም አንድ ፊደል ሳይስቱ ያመጣሉ። የጽሑፍ ዓምድ ስንት ፊደል እንደሚይዝ፣ ዋጋ ከነጥብ በኋላ ስንት አሐዝ እንዳለው፣ የትኛው ዓምድ ባዶ መሆን እንደሚችል፣ ብዙውን ጊዜ ከመዝገቡ ይወስዳሉ። እኔና እናንተ በእጃችን ብንጽፈው አንድ ቦታ እንስት ነበር። ጃንጎ በተጨማሪ በእያንዳንዱ ክላስ ላይ «ይህን ሠንጠረዥ አላስተዳድረውም» የሚል ምልክት ያደርጋል፤ ማለትም ሳታስቡት የቆየ ሠንጠረዥ እንዳይለውጥባችሁ እጁን ይሰበስባል። ጥሩ ጠባይ ነው።

አሁን ወደ ፈተናው። ቺኑክ ውስጥ «ፕሌይሊስትትራክ» የሚባል ትንሽ ሠንጠረዥ አለ። ሁለት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፦ የፕሌይሊስት ቁጥርና የትራክ ቁጥር። ዋና ቁልፉ ሁለቱ በአንድነት ናቸው። ሥራው ማገናኘት ነው፤ አንድ ፕሌይሊስት ብዙ ትራክ ይይዛል፣ አንድ ትራክም ብዙ ፕሌይሊስት ውስጥ ይገባል።

አውቶማፕ ይህን በትክክል ያነባል። «ሁለት የውጭ ቁልፍ ብቻ አለው፣ ሌላ ዓምድ የለውም፤ እንግዲያው ድልድይ ነው» ይልና ለድልድዩ ክላስ ሳይሠራ ፕሌይሊስቱን በቀጥታ ከትራኮቹ ጋር ያገናኛል። ጎበዝ!

ጃንጎስ? ከ5.2 ዕትም በፊት ጃንጎ ከሁለት ዓምድ የተሠራ ዋና ቁልፍ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ኢንስፔክትዲቢ የመጀመሪያውን ዓምድ፣ የፕሌይሊስቱን ቁጥር፣ ብቻውን ዋና ቁልፍ ያደርገዋል። በአጠገቡም «ጥምር ቁልፍ አግኝቻለሁ፣ አልደግፈውም፣ የመጀመሪያውን መርጫለሁ» የሚል ማስታወሻ ይጽፋል። ማስታወሻውን ሳታነቡ ካለፋችሁ ምን ይከተላል? አንድ ዘፈን ከአንድ ፕሌይሊስት ለማውጣት ኦብጀክቱን «ጥፋ» ትሉታላችሁ። ጃንጎ ረድፉን የሚለየው በዋና ቁልፉ ነውና «የፕሌይሊስት ቁጥሩ 1 የሆነውን አጥፋ» ብሎ ለዳታቤዙ ያዛል። በቺኑክ ፕሌይሊስት ቁጥር 1 ውስጥ ከሦስት ሺህ በላይ ረድፎች አሉ። አንዱን ሊያወጡ ሄደው ሁሉንም ጠረጉት። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 5.2 ጥምር ቁልፍን መደገፍ ጀምሯል፤ በቆየ ዕትም የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ግን ዛሬም ሞልተዋል።

አውቶማፕስ እንከን የለሽ ነው? አይደለም። ነገ አንድ ሰው ድልድዩ ላይ «የዘፈኑ ተራ ቁጥር» የሚል አንድ ዓምድ ቢጨምር፣ ሠንጠረዡ በአውቶማፕ ዓይን ድልድይ መሆኑ ያበቃል፤ ክላስ ይሆናል። ትናንት ከፕሌይሊስት ወደ ትራክ በቀጥታ ይሄድ የነበረው ኮዳችሁም ይሰበራል። እናንተ ግን አንድ መስመር አልነካችሁም!

ስም ሲጠፋ

ሌላ ጉድ ደግሞ አለ። ቺኑክ ውስጥ እያንዳንዱ ደንበኛ የሚረዳው ሠራተኛ አለው፤ ዓምዱም «ሰፖርትሬፕአይዲ» ይባላል፣ የደንበኛው ረዳት ማለት ነው። አውቶማፕ ግን ግንኙነቱን የሚሰይመው በሚጠቁምበት ሠንጠረዥ ስም ነው። ስለዚህ ደንበኛው «ረዳት» ሳይሆን «ሠራተኛ» የሚባል ነገር ይኖረዋል። ሠራተኞቹ ደግሞ እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ፤ እያንዳንዱ ለማን ሪፖርት እንደሚያደርግ የሚናገር ዓምድ አለ። አውቶማፕ ይህንንም «ሠራተኛ» ይለዋል። አለቃችሁን ለማግኘት «ሠራተኛ ነጥብ ሠራተኛ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ኮዱ ይሠራል፤ የሚያነበው ሰው ግን የትኛው አለቃ፣ የትኛው ምንዝር እንደሆነ በምን ይወቅ? ጃንጎ እዚህ ላይ ይሻላል፤ የዓምዱን ስም ስለሚይዝ ስሙ ባያምርም ሚናው አልጠፋም።

ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀ ነው። ዋጋ በሁለት ቦታ ተጽፏል፦ አንዴ በትራኩ ላይ፣ አንዴ ደግሞ በደረሰኙ መስመር ላይ። ሁለቱም ዓምዶች አንድ ስም፣ አንድ ዓይነት አላቸው። ሁለቱም መሣሪያዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ይገለብጧቸዋል። አዲስ ፕሮግራመር አይቶ «ድግግሞሽ ነው፣ ዋጋውን ከትራኩ ብቻ ልውሰድ» ቢል ማን ይከለክለዋል? ግን የደረሰኙ ዋጋ ሰውየው በገዛበት ቀን የከፈለው ነው። ነገ የ0.99 ዶላሩ ዘፈን 1.29 ቢሆን፣ ያለፈው ዓመት ደረሰኝ መስመር ሁሉ ይለወጥና ሒሳቡ ይፋለሳል። ሠንጠረዡ ሰሙ ነው፤ «ይህ ታሪክ ነው፣ ያ የዛሬ ዋጋ ነው» የሚለው ወርቁ ነው። መሣሪያዎቹ ሰሙን ብቻ ነው የሚያዩት።

የሌላ ሰው ግምት አብሮ ይመጣል

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ። በቺኑክ የደንበኛው ስም በሁለት ዓምድ ነው የተከፈለው፣ «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም»፤ ሁለቱም ባዶ መሆን አይችሉም። መሣሪያው ይህን እንዳለ ወደ ክላሱ ያመጣዋል። እኛ አገር ግን ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም አይደለም። ክላሱን ተቀብላችሁ «የመጨረሻ ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች አንድ ቤተሰብ ናቸው» የሚል ኮድ ብትጽፉ፣ ባልና ሚስት ባዕድ ይሆናሉ፣ አባታቸው ከበደ የሚባል ሰዎች በሙሉ ደግሞ ወንድምና እህት ይሆናሉ።

ቀንም እንደዚሁ ነው። የዳታቤዝ የቀን ዓይነት 13ኛ ወር አያውቅም። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ቀን መመዝገብ የፈለገ ሰው ጳጉሜን ለማስገባት ሲል ዓምዱን ጽሑፍ ሊያደርገው ይችላል። መሣሪያው ይመጣና «ጽሑፍ» ብሎ ይገለብጣል። ውስጡ ያለው ቀን መሆኑን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው።

ዝም ያለ ዳታቤዝ

እስካሁን ያየነው ንጹሕ ዳታቤዝ ነው። የቆየ ዳታቤዝ ሲገጥማችሁ ግን ትልቁ ችግር ሌላ ነው፦ የውጭ ቁልፍ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ምክንያቱ የሠሪው ስንፍና ብቻ አይደለም። ማይኤስኪውኤል እ.ኤ.አ. በ2010 እስከወጣው 5.5 ዕትም ድረስ በነባሪነት የሚጠቀመው «ማይአይሳም» የተባለውን የማከማቻ ሞተር ነበር። ማይአይሳም የውጭ ቁልፍ ስትጽፉለት እሺ ብሎ ይቀበልና ዝም ብሎ ይረሳዋል። በዚያ ዘመን የተሠራ ዳታቤዝ ላይ መሣሪያውን ብታስኬዱ ሰማንያ ክላስ ይወጣል፤ አንዱም ከሌላው ጋር አይተዋወቅም። ዝምድናው በቀድሞው ፕሮግራመር ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሄዷል።

እዚህ ላይ ሁለቱን መሣሪያዎች በአንድ መለኪያ ልፍረድባቸው፦ የማያውቁትን ሲያጋጥማቸው ምን ያደርጋሉ? ጃንጎ ይናገራል። ያመነጨው ፋይል አናት ላይ እናንተ በእጃችሁ ማስተካከል ያለባችሁን ይዘረዝራል፤ ዓይነቱን ያልለየውን ዓምድ «ይህ ግምት ነው» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። አውቶማፕ ግን ዋና ቁልፍ የሌለው ሠንጠረዥ ካገኘ ይዘለዋል፤ ስሕተት ብሎ አይጮህም፣ ክላሱ ዝም ብሎ አይኖርም። ድልድዩን በማንበብ አውቶማፕ ቢበልጥም፣ ለጀማሪ የምመክረው ጃንጎን ነው። አላውቅም የሚል ረዳት፣ ዝም ከሚል ጎበዝ ይሻላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መሣሪያውን አትተዉት። ሰማንያ ክላስ በእጅ መጻፍ ጀግንነት አይደለም። ነገር ግን የወጣውን እንደ ረቂቅ ያዙት። አንደኛ፣ ከላይ እስከ ታች አንብቡት፤ መሣሪያው የተዋቸውን ማስታወሻዎች በተለይ። ሁለተኛ፣ ክላሶቹንና ሠንጠረዦቹን ቆጥራችሁ አወዳድሩ፤ የጎደለው የትኛው ነው? ድልድይ ስለሆነ ነው ወይስ ቁልፍ ስለሌለው? ሦስተኛ፣ አንድ ስም በሁለት ቦታ ካያችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ ከማጥፋታችሁ በፊት ዳታውን ተመልከቱ። አራተኛ፣ ዳታቤዙን በየቀኑ የሚጠቀመውን ሰው፣ ገንዘብ ያዡን፣ መዝገብ ቤት ያለችውን እኅት፣ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። «ይህ ዓምድ ምንድን ነው?» የሚለውን የሚመልስ መዝገብ ብዙ ጊዜ ሰው ነው። አምስተኛ፣ ያወቃችሁትን ጻፉት፤ የምትችሉ ከሆነም የጎደለውን ቁልፍ ዳታቤዙ ላይ ጨምሩ። ያኔ ከእናንተ በኋላ መሣሪያውን የሚያስኬደው ሰው የተሻለ መልስ ያገኛል።

ቺኑክ በነጻ የሚገኝ ነው። አውርዱት፣ ሁለቱንም መሣሪያዎች አስኬዱበት፣ የሚያወጡትን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። በመጀመሪያ ግን አንድ ቅጂ አስቀምጡ፤ ሦስት ሺህ ዘፈን በአንድ ትእዛዝ ሲጠፋ በዓይናችሁ ማየት የምትፈልጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ።