ተሠርቶ ያለቀ መኪናና ተፈትኖ ያለቀ መኪና
(ስለ ሁለት መጻሕፍት የቀረበ ሂስ)

በእንግሊዝ አገር የእሽቅድምድም መኪና በቤት ጋራዥ መሥራት የቆየ ልማድ ነው። ኮሊን ቻፕማን የመጀመሪያውን ሎተስ በ1948 ዓ.ም. የሠሩት ከአንድ አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ተነሥተው ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1957 የወጣው ሎተስ ሰቨን ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ የቤት ሠራሽ መኪኖች ሁሉ አርአያ ሆኖ ይታያል። ከዚህ ልማድ ጋራ የሚገናኙ ሁለት መጻሕፍትን እዚህ ላይ እንመረምራለን። አንደኛው ሚስተር ሮን ቻምፒዮን በ1996 ያሳተሙት፣ በ250 ፓውንድ ብቻ የራስን የስፖርት መኪና ስለ መሥራት የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው አሜሪካዊው ሚስተር ካሮል ስሚዝ በ1978 ያሳተሙት «ቲውን ቱ ዊን» የተባለው ነው፤ ትርጓሜውም «ለማሸነፍ አስተካክል» እንደ ማለት ነው። የምንጠይቀውም ጥያቄ አንድ ነው፦ መኪናውን በገዛ እጁ የሠራ ሰው ወደ መወዳደሪያው ሜዳ ሲወጣ እነዚህ መጻሕፍት ምን ያህል ይረዱታል?

የሚስተር ቻምፒዮን መጽሐፍ ለአንባቢው ድፍረት ስለሚሰጥ ሊመሰገን ይገባዋል። አሮጌ ፎርድ ኤስኮርት ተገዝቶ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላ አክሱሉ ይወሰዳል፤ ሻንሲው ከአራት ማዕዘን የብረት ቧንቧ ተቆርጦ ይበየዳል። ከፍ ያለ ፋብሪካና ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ይህን ካነበበ በኋላ «እኔም እችላለሁ» ብሎ ይነሣል። እርግጥ ነው፣ በሥዕሎቹ ልኬት ውስጥ ስሕተቶች ተገኝተዋል፤ ሠሪዎቹም እየተነጋገሩ አርመዋቸዋል። ይህ የመጽሐፉን ዋጋ ብዙ አይቀንሰውም።

ዋናው ጉድለት ሌላ ነው። በ2000 በወጣው ሁለተኛ እትም ርዕስ ላይ በመኪናው ስለ መወዳደርም የሚናገር ቃል ተጨምሯል፤ ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ክብደት ያረፈው አሁንም በመሥራቱ ላይ ነው። አንባቢው መኪናው በራሱ ኃይል ከጋራዥ የወጣ ዕለት ሥራው የተፈጸመ ሊመስለው ይችላል። በእኔ አስተያየት ያን ዕለት የተፈጸመው ግማሹ ነው። የፋብሪካ መኪና ከገዢው እጅ ሳይደርስ ሌሎች ሰዎች ፈትነውታል። የቤት ሠራሹን መኪና ግን ከሠሪው በፊት የፈተነው ሰው የለም፤ ከአንድ ሥዕል የተሠሩ ሁለት መኪኖች እንኳ በብየዳው ምክንያት አንድ ዓይነት አይሆኑም።

ለዚህ አንድ ማስረጃ ላቅርብ። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ አንዱ እግሩ ጥቂት ቢረዝም፣ ያ እግርና በሰያፍ ትይዩው ያለው እግር ሸክሙን ይወስዳሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ይቀልላቸዋል። መኪናም እንደዚሁ ነው። የአንዱ ጎማ ሞላ መቀመጫ ከፍ ካለ፣ የፊትና የኋላው ድምር ሳይለወጥ፣ ሸክሙ ከአንዱ ሰያፍ ወደ ሌላው ይዛወራል። እንዲህ ያለው መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደኅና ሆኖ ወደ ግራ ሲታጠፍ ሊያስቸግር ይችላል፤ ይህም በዓይን አይታይም። በአራት ሚዛን ላይ መመዘን ያስፈልጋል፤ ያውም ነጂው ተቀምጦበት። 550 ኪሎ በሚመዝን መኪና ላይ 80 ኪሎ የሆነ ሰው ከጠቅላላው ክብደት አንድ ስምንተኛ ያህል ነውና።

ሚስተር ስሚዝ የሚበልጡት በዚህ በኩል ነው። ጎማው ላይ የሚጫነው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጎማው መሬቱን የሚይዝበት ኃይል ግን እጥፍ እንደማይሆን አንባቢው ከመጽሐፋቸው ይማራል። መኪናው ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ውጭ ጎማዎች ይሸጋገራል። የፊቱ ሞላ ከኋላው ይልቅ በጣም የጠነከረ ከሆነ የሽግግሩ ብዙው ድርሻ በፊት ጎማዎች ላይ ይወድቃል፤ እነርሱም ቀድመው ይንሸራተታሉ፤ መሪው ቢዞርም መኪናው ወደ ውጭ ይሄዳል። ይህን ያልተረዳ ሰው ወይ ነጂውን ይወቅሳል፣ ወይ ሳያስፈልገው አዲስ ጎማ ይገዛል።

ነገር ግን የሚስተር ስሚዝም መጽሐፍ ነቀፌታ አያጣም። መጽሐፉ የሚናገረው መካኒኮች፣ መለዋወጫና በቂ የሙከራ ቀን ላለው ቡድን ነው። የቤት ሠሪው ያለው አንድ ቀን፣ አንድ ረዳትና ያገለገለ ጎማ ነው። እንግዲህ ከብዙው ትምህርት ለአንድ ቀን የሚበቃውን ማን ይምረጥለት?

ችግሩን በቁጥር እንየው። ነጂው ምንም ነገር ሳይለወጥ አምስት ዙር ቢነዳና 61.2፣ 60.4፣ 60.9፣ 60.3፣ 61.0 ሴኮንድ ቢያስመዘግብ በፈጣኑና በዘገምተኛው ዙር መካከል 0.9 ሴኮንድ ልዩነት አለ እንበል። ከዚያ በኋላ የጎማው ነፋስ ተቀንሶ 60.2 ቢመጣ ማሻሻያ ተገኘ ማለት ይቻላልን? አይቻልም። ትክክለኛው መንገድ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ብዙ ዙር መንዳት፣ ቀጥሎም ወደ መጀመሪያው ሁኔታ ተመልሶ እንደ ገና መለካት ነው። በተመለሱ ጊዜ ሰዓቱ ፈጣን እንደ ሆነ ከቀረ፣ የተሻሻለው ነጂው ወይም የአስፋልቱ ሁኔታ ነው።

የዙሩ ጠቅላላ ሰዓትም ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባውም። በሌስተርሻየር የሚገኘው ማሎሪ ፓርክ ዙሪያው 2.17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በውስጡ ጄራርድስ የተባለ ረጅምና ፈጣን ጥምዝ አለ፤ ሾውስ የተባለው ደግሞ እጅግ ጠባብ ነው። ለአንዱ የሚስማማው ማስተካከያ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል፤ በአንዱ የተገኘው በሌላው ሲጠፋ ሰዓቱ «ለውጥ የለም» ይላል። ስለዚህ ረዳቱ ጥምዞቹን ለየብቻ ሊለካ ይገባዋል። የጎማውም ሙቀት፣ መኪናው እንደ ቆመ ወዲያው፣ በውስጥ፣ በመካከልና በውጭ በኩል ቢለካ ብዙ ይናገራል፤ መካከሉ ከሁለቱ ጠርዞች በልጦ ቢሞቅ ነፋሱ በዝቷል ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የሚቀድመው ፍሬን ነው። በዝግታ ጥቂት ዙር ተነድቶ ቡሎኖቹ፣ ብየዳውና የፍሬኑ ቧንቧ ሳይመረመሩ ፍጥነት መፈለግ ከሰዓት ጋራ ሳይሆን ከሕይወት ጋራ መጫወት ነው። ከዚያም የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ቀድመው እንዳይቆልፉ መረጋገጥ አለበት፤ ኋላው ከቆለፈ መኪናው ይሽከረከራልና።

እንግዲህ የሚስተር ቻምፒዮን መጽሐፍ ለእጅ፣ የሚስተር ስሚዝ ለአእምሮ የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የሚጎድለው፣ በሁለቱ መካከል ቆሞ አንድ ቀን ብቻ ያለውን ሰው የሚመራ አጭር ጽሑፍ ነው። ሚስተር ስሚዝ ራሳቸው ተማሪዎች በሠሩት መኪና በሚወዳደሩበት በፎርሙላ ኤስ ኤ ኢ ዳኛ ሆነው ማገልገላቸው ጉዳዩ የተማሪም ጉዳይ መሆኑን ያሳያል። የቴክኒክ ተማሪዎች የሆንን ሁሉ በላቦራቶሪ ሪፖርታችን የተሳካውን ቁጥር አስፍረን መነሻውን የምንተው ከሆነ፣ ነፋሱን ቀንሶ በአንድ ዙር ከተደሰተው ነጂ አንሻልም። አንባቢው ሁለቱንም መጻሕፍት እንዲያነብ፣ ወደ ሜዳም ሲወጣ ከመፍቻው ጋራ ደብተር እንዲይዝ እመክራለሁ።