የማን ልጅ ናት?

በአልዌሮ ወንዝ አካባቢ በምትገኘው በአቦቦ ተቀምጦ፣ በሩቅ አገር ስለተሠራ የጠፈር ጀብዱ ፊልም መከራከር ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ አይታጣም። ክርክሩ ስለ ጠፈር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ተገቢ በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ “የመጨረሻው ጄዳይ” የተሰኘው ፊልም ተመልካቹን ለሁለት የከፈለው “ውርስ የማን ነው?” በሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ባዕድ ሊሆን አይችልም።

ጆርጅ ሉካስ “ስታር ዋርስ” ያለውን ተከታታይ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲጀምር፣ ጀግናው ሉክ ስካይዎከር የአባቱን የብርሃን ሰይፍ የወረሰ የገጠር ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ክፍል ይህንኑ ሰይፍ ሬይ በተባለች፣ ወላጆቿ በማይታወቁና ውዳቂ ብረት እየለቀመች በምትኖር ልጃገረድ እጅ አስገባ፤ ተመልካቹንም “የማን ልጅ ናት?” እያሰኘ ሁለት ዓመት አስጠበቀው። በራያን ጆንሰን ደራሲነትና አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2017 የቀረበው ስምንተኛው ክፍል መልሱን ሰጠ። ወላጆቿ ለመጠጥ መግዣ ሲሉ የሸጧት፣ ስም የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ሉክም ሬይ ደክማ ያመጣችለትን የአባቱን ሰይፍ ከተቀበለ በኋላ፣ አንዳች ቃል ሳይተነፍስ ወደ ኋላው ወረወረው።

ቁጣው የተቀሰቀሰው በዚህ ነው። ብዙ ሐያስያን ፊልሙን ሲያወድሱት፣ ተከታታዩን ከልጅነታቸው ጀምሮ የወደዱ በርካታ ተመልካቾች ግን ክህደት ነው አሉት። ሉክን ሆኖ የተጫወተው ማርክ ሃሚል እንኳ ስለ ገጸ ባሕርዩ ከአዘጋጁ ጋር አለመስማማቱን በይፋ ተናግሯል። ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራው፣ ክፉ አባቱን ከመግደል የታቀበው ሉክ እንዴት በተኛ የእህቱ ልጅ ላይ ሰይፍ ይመዛል የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ ለማግኘት እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውን ክፍል ደግሞ ማየት ይበቃል። በዚያ ሉክ ራሱን የገታው በቁጣ ገንፍሎ የአባቱን እጅ ከቆረጠ በኋላ ነበር፤ ከሁሉ በላይ የገነነውም ሰይፉን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በወረወረ ጊዜ ነው። በ2017ቱ ፊልም ደግሞ ሰይፉን ለቅጽበት መዘዘ እንጂ አልሰነዘረም። ለዓመታት በደሴት የሸሸገው ያቺ ቅጽበት የወለደችው ኀፍረት ናት። በመጨረሻ በጠላት ሠራዊት ፊት ብቻውን የቆመው እንኳ አካሉ ሳይሆን ከሩቅ የላከው ምስሉ ነበር። አንድም ሰው ሳይገድል ጥቂት ታጋዮችን አትርፎ በድካሙ ብዛት ሞተ። እንግዲህ ጆንሰን ጀግናውን አዋረደ ሳይሆን፣ ከነስሕተቱ ወደ ቀድሞ ታላቅነቱ መለሰው ቢባል ይቀርባል።

“የማን ልጅ ናት?” የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የርስትና የሹመት በር ሆኖ ቆይቷል። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዘውዱን እስከ ቀዳማዊ ምኒልክና እስከ ንጉሥ ሰሎሞን በሚዘልቅ የዘር ሐረግ አስሮት ነበር። በአቦቦና በአካባቢው የሚኖረው የአኝዋሃ ሕዝብም ለመኳንንት ዘር ቦታ የሚሰጥ ጥንታዊ ሥርዓት ነበረው። ሆኖም ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናት እንደሚታየው፣ የሥልጣን ምልክት የሆነው የጨሌ ሐብል ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍና መኳንንቱ የሚፎካከሩበት ነበር። ለጋስነቱን የዘነጋ የመንደር አለቃም በነዋሪው አመፅ ከሥልጣኑ ይወርድ ነበር። ዘር በር ይከፍታል እንጂ ወንበር አያጸናም። ይህን የሚያውቅ ተመልካች ሰይፉ በሬይ እጅ በመግባቱ አይደናገርም።

ፊልሙ እንከን የለበትም ለማለት አይቻልም። ፊንና ሮዝ የተባሉት ገጸ ባሕርያት ወደ ቁማርተኞች ከተማ የሚያደርጉት ጉዞ ረዝሞ የታሪኩን ግስጋሴ ይጎትታል። ነገር ግን ቅርጹ በላላበት በዚሁ ስፍራ ይዘቱ ጠብቋል። የከተማይቱ ከበርቴዎች ለጨቋኙም ለታጋዩም መሣሪያ እየሸጡ የከበሩ መሆናቸው የሚገለጠው በዚህ ክፍል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ተከታይ ክፍል ከዚህ ድፍረት አፈገፈገ። ስም ከሌላቸው ሰዎች የተወለደችው ሬይ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሆና ተገኘች፤ አሮጌው ጥያቄም አሮጌውን መልስ አገኘ። የስታር ዋርስን ባለቤትነት ዲስኒ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 በአራት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶታል፤ የታሪኩን ትርጉም ግን ገዝቶ ሊጨርሰው አይችልም።

የ2017ቱ ፊልም የሚዘጋው በጋጣ በሚያገለግል፣ ስሙ እንኳ ባልተጠራ ብላቴና ነው። ልጆቹ የሉክን ገድል ራሳቸው በሠሯቸው አሻንጉሊቶች ሲተርኩ አሠሪያቸው ይበትናቸዋል። ብላቴናው ወደ ደጅ ወጥቶ መጥረጊያውን በማይታይ ኃይል ወደ እጁ ይስባል፤ ጥቂት ከጠረገ በኋላም ወደ ከዋክብት ያንጋጥጣል። የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።