ቡዳና ጠንቋይ፦ የተደበቀ ኃይል አለህ የሚለን ማነው?

የወጣቶች ፋንታሲ የምታነቡ ሁሉ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ማንም ከቁጥር የማያስገባው ልጅ ይኖራል፤ ደረጃ ሥር የሚተኛ፣ ወይም የክፍሉ ልጆች የሚያሾፉበት። አንድ ቀን ደብዳቤ ይመጣለታል፣ ወይም በሻማ ነበልባል ውስጥ ሌላው የማያየውን ያያል። ለካስ ውስጡ ኃይል ተደብቆ ኖሯል። የመጀመሪያው «ሃሪ ፖተር» በ1997 እ.አ.አ. ከታተመ ወዲህ ይኼ መንገድ አውራ ጎዳና ሆኗል፤ ጊሊ ባር ሂለል ወደ ዕብራይስጥ ስትመልሰው ደግሞ እዚህ አገር ያደገ ስንቱ ልጅ ገባበት። በጨዋታ መሐል «ኮኾት አለው» ስንባባል ከየት እንዳመጣነው ማንም አይጠይቅም።

እኔ መጠየቅ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ልጁ ኃይል እንዳለው የሚነግረው ማነው? በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ ወዳጅ ነው፤ ነጭ ጢም ያለው መምህር፣ በር ሰብሮ የሚገባ ግዙፍ ሰው። ዜናውም የምሥራች ነው። አያቶቻችን በኖሩበት አገር ግን «የተደበቀ ኃይል አለህ» የሚለው ቃል የሚመጣው ከጎረቤት ነበር፣ የምሥራችም አልነበረም። ስሙ ቡዳ ነው።

ቤት ውስጥ ስለ ቡዳ ስትጠይቁ ትልልቆቹ ወይ ይስቃሉ ወይ ወሬ ይቀይራሉ፤ ስለዚህ ትንሽ ላብራራው። ቤተ እስራኤል ርስታቸውን ተነጠቁ፤ ትውፊቱ ይኼን በ15ኛው መቶ ዘመን ከነገሡት ከዐፄ ይስሐቅ ጋር ያያይዘዋል። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ያርሱ ነበር። ከእርሻው ጋር ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ይሸምናሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ክርስቲያኑ ጎረቤት ማረሻውንና ማጭዱን የሚገዛው ከነሱ ነው፤ ወጡ የሚበስለው በነሱ ድስት፣ እንጀራው የሚጋገረው በነሱ ምጣድ ነው። ያው ጎረቤት ግን ሲመሽ ሌላ ወሬ ያወራል፦ ብረትን በእሳት አለስልሶ እንደፈለገው የሚለውጥ ሰው ራሱንስ ለምን አይለውጥም? ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል። ሰው ሲታመም «ተበልቷል» ይባላል፤ ታማሚው ይለፈልፋል፣ ሲለፈልፍ የጠራው ስም ደግሞ ማስረጃ ነው። ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ቡዳ የተባሉት ቤተ እስራኤል ብቻ አልነበሩም፤ ክርስቲያን የሆኑ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎችም ተብለዋል። ግን ለብዙ ጎረቤት ፈላሻና ቡዳ ሁለት ቃል ሆነው አንድ ስድብ ነበሩ። ፕሮፌሰር ሐጋር ሰላሞን እዚህ ከመጡ የማኅበረሰባችን ሰዎች አፍ የሰበሰቡትን ይዘው በ1999 በእንግሊዝኛ ያወጡት መጽሐፍ ርዕሱ «የጅብ ሕዝብ» ነው። ፋንታሲ ይመስላል፣ አይደል? ጥናት ነው።

ቃሉን ራሱን ደግሞ ተመልከቱት። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በአማርኛ ጠይብ ይባላል፤ ጠይብ የመጣው ከጠቢብ ነው፣ ጠቢብ ማለትም ዐዋቂ ነው። በሐበሻ ቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሸመነውም ጥበብ ይባላል። በጎረቤት አፍ ግን ጠይብ ማለት ቡዳ ማለት ሆነ። የሰውየው እጅ የሚያውቀውን ነገር ወስደው ደሙ ውስጥ አስገቡት።

ይኼን ይዘን ቶሚ አዴዬሚ በ2018 ያወጣችውን «የደምና የአጥንት ልጆች» እንክፈት። ከዮሩባ እምነት ተነሥታ ኦሪሻ የምትባል አገር ፈጥራለች። በዚያች አገር ማጂ የሚባሉት ሰዎች አስማት ነበራቸው፤ ንጉሥ ሳራን አስማቱን አጥፍቶ ማጂዎቹን አስፈጃቸው። የተረፉት ልጆቻቸው በነጭ ጸጉራቸው ይታወቃሉ፣ ከባድ ግብር ይጣልባቸዋል፣ ትል እየተባሉ ይሰደባሉ። ዋናዋ ባለታሪክ ዜሊ እናቷን በዚያ ፍጅት ያጣች ልጅ ናት። ደራሲዋ በመጽሐፉ መጨረሻ እንደምትነግረን፣ የጻፈችው በአሜሪካ ፖሊስ ጥቁሮችን በጥይት ሲገድል እያየች ነው። በ2015 እና በ2019 እዚህ አገር አደባባይ ለወጣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ቀላል አይደሉም። ወታደሮቹ ግብር ብለው ሲመጡ አሮጊቷ ማማ አግባ ንዴቷን ውጣ የምትከፍልበት ቦታ አለ፤ ዜሊ ስትቃጠል፣ ትልቋ ሴት ስትታገሥ። እናቶቻችን በየቢሮው ወረፋ ላይ ያሳዩንን ፊት እዚያ ገጽ ላይ አገኘሁት።

ለእኔ ግን ከሁሉ በላይ የተሳካለት ሰው ዜሊ ሳትሆን አልጋ ወራሹ ኢናን ነው። ማጂ ሲያሳድድ ራሱ አስማት ያበቀለ ልጅ። ጸጉሩ ላይ የወጣውን ነጭ ዘለላ ይደብቃል፣ የአባቱ ሰዎች እንዳያውቁበት ኃይሉን አፍኖ ይይዛል፣ አፍኖ ሲይዘውም ራሱን ያደክማል። ጓደኞቹ ስለ «ኢትዮጵያውያን» ቀልድ ሲያወሩ አብሮ የሳቀ ልጅ ይኼን ሰው ያውቀዋል።

ችግሩ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ንጉሡ ማጂን የሚፈራው በባዶ አይደለም፤ የመጀመሪያ ሚስቱንና ልጆቹን ማጂዎች ገድለውበታል። አስማቱ እውነት ነው፤ ያቃጥላል፣ ይገድላል። እንግዲህ ልብወለዱ የተበደሉትን ነፃ የሚያወጣው የበዳያቸውን ክስ እውነት በማድረግ ነው፦ አዎ፣ በደማችን ውስጥ የሚያስፈራ ነገር አለ፣ አሁን ታዩታላችሁ! ሲነበብ ደስ ይላል። አንዳንዴ እሳት ልትፋ ያላለ ማን አለ? ነገር ግን በጎንደር መንደር የነበረው ቀጥቃጭ የሚተፋው እሳት አልነበረውም። የነበረው ወናፍ፣ መዶሻና ከሰል ነው። ደራሲዋን ያስጻፏት የተገደሉ ልጆችም አስማት አልነበራቸውም። የበደሉ ክፋቱ ክሱ ሐሰት መሆኑ ላይ ነበር፤ መጽሐፉ ይኼንን ሐሰት ወደ እውነት ቀይሮ አስማት አስታጠቃቸውና ክሱን ሳይነካው ቀረ። እንዲያውም አጸደቀው። ኃይል ያለው ሰው ሲበደል ማዘን ቀላል ነው፤ ምንም የሌለው ሰው ሲበደል ምን እንደሚሰማን ኦሪሻ አትጠይቀንም።

በ«ሃሪ ፖተር» ውስጥም ቀጥቃጮች አሉ፤ ጎብሊኖቹ ናቸው። ባንክ የሚጠብቁት እነዚህ ፍጡራን የድሮ የፀረ አይሁድ ሥዕል ይመስላሉ የሚለው ነቀፌታ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል፣ እዚያ ላይ አልቆይም። እኔን የያዘኝ በመጨረሻው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የሰይፍ ክርክር ነው። በጎብሊኖች ሕግ የአንድ ዕቃ ባለቤት የሠራው ሰው ነው፤ ገዢው እስኪሞት ተከራየው እንጂ አልወሰደውም። ስለዚህ ግሪፕሁክ የግሪፊንዶር ሰይፍ የኛ ነው ይላል። ጠንቋዮቹ ሰይፉን ይፈልጉታል፤ ሠሪው ግን የአስማት በትር እንዳይዝ በሕግ ከልክለውታል። ማረሻውን ገዝቶ ሠሪውን ጅብ ከሚለው ጎረቤት በምን ይለያሉ? ሮውሊንግ ይኼን ያህል ትልቅ ጥያቄ አንሥታ ግሪፕሁክን ከዳተኛ ታደርገውና ነገሩ ያልቃል፤ ሰይፉም ተመልሶ ከጠንቋይ ልጅ እጅ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው የንኔዲ ኦኮራፎር «አካታ ዊች» ነው፤ የወጣው በ2011 ነው። ሰኒ የ12 ዓመት ልጅ ናት፣ ከናይጄሪያውያን ወላጆች ኒው ዮርክ ተወልዳ ከነሱ ጋር ወደ ናይጄሪያ የተመለሰች። ቆዳዋ አልቢኖ ነው፤ ትምህርት ቤት «አካታ» ይሏታል፣ ውጭ ለተወለደ ጥቁር የሚወረወር ስድብ ነው። የእናቷን እናት ነገር ቤት ውስጥ ማንም አፍ ሞልቶ አያወራም። (ይኼንን ዝምታ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።) ከዚያ የነብር ሰዎች ከሚባሉት ወገን መሆኗ ይታወቃል። የጅብ ሰዎች ከተባልን ከእኛ ጋር ልዩነቱ የት ላይ ነው? እዚያ ዓለም ውስጥ ደምም ቦታ አለው፣ አልክድም። ግን ገንዘቡ ቺቲም የሚባል የብረት ዘንግ ነው፣ አንድ ነገር በተማርክ ቁጥር ከሰማይ ይወድቅልሃል። ለማወቅ ብቻ ነው የሚከፈለው። ሥልጣኑም ያለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ማንበብ የሚያስቸግረው ጓደኛዋ ኦርሉ ደግሞ የተሠራ አስማትን የመፍታት ተሰጥዖ ያለው በዚያው በተቸገረበት በኩል ነው። ፍጻሜው ይጣደፋል፣ ክፉው ሰው ከመጣ ወዲያው ያልቃል፤ እሱ ይቅር። ኃይልን ከደም አውጥታ ወደ እጅና ወደ ትምህርት ስለመለሰችው ብቻ ኦኮራፎርን አመሰግናለሁ።

እሷን የቀደመችው ኡርሱላ ለጊን ናት። «የምድረ ባሕር ጠንቋይ» በ1968 ሲወጣ ባለታሪኩ ጌድ ቀይ ዳማ ነው፣ የቅርብ ወዳጁ ጥቁር ነው፤ በ2004 ወደ ቴሌቪዥን ሲቀየር ነጭ ተዋናይ አደረጉትና ደራሲዋ በአደባባይ ተቃወመች። በዚህ መጽሐፍ አስማት ማለት የነገሮችን እውነተኛ ስም ማወቅ ነው። አስማት በግእዝ «ስሞች» ማለት ነው፣ የስም ብዙ ቁጥር። ለጊን ግእዝ ታውቅ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ግን አማርኛ የሚያነብ ሰው ይኼን መጽሐፍ ከሌላው አንባቢ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይገባል። ጌድ ሦስት ስም አለው፤ የልጅነቱ፣ ሰው የሚጠራበት፣ ከጥቂቶች በቀር ማንም የማያውቀው። ቤት አንድ ስም፣ ቤተ ሲፈር ሌላ ስም ይዞ ላደገ ሰው ይኼ እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ የጌድን ስም የሰጠው የሚያውቀው መምህሩ ነው፣ የወላጆቻችንን የሰጠው ግን ስማቸውን መጥራት ያቃተው መዝጋቢ ነበር።

አሁንም ወደ ቀጥቃጩ ልመለስ፣ ጌድ የቀጥቃጭ ልጅ ነውና። አባቱ ነሐስ ይሠራል፣ ልጁ ወናፍ እንዲነፋለት ይፈልጋል። ጌድ በ13 ዓመቱ ከመምህሩ ከኦጊዮን ጋር ከመንደሩ ሲወጣ ከያዛቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ አባቱ የሠራለት የነሐስ ቢላዋ ነው። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ አስማቱን ተከትሎ ባሕር ላይ ይሄዳል። እኔ ግን ወናፉ አጠገብ የቀረው ሰውዬ ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልግ ነበር። ልጁ ጠንቋይ ሆነ ተብሎ ሲወራ፣ ማጭድ የሚያሠሩት ጎረቤቶቹ እንደ ድሮው ይመጣሉ? ልጅ የታመመባቸው ቀንስ ወደ ማን ቤት ነው የሚያዩት?