ጥሬ ዓሣ በሁለት ምላስ

ምግብ ቤት መምረጥን ከሂስ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይሁንና መጽሐፍን በሽፋኑ የሚገዛና ምግብ ቤትን በመስኮቱ የሚመርጥ ሰው የሚያጠፉት ጥፋት አንድ ነው። ልዩነቱ የፊተኛው መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው ሊመልሰው ሲችል፣ የኋለኛው ያዘዘውን ውጦ ሒሳቡንም ከፍሎ መውጣቱ ነው። የባሕር ዳርቻ ከተማ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ጥፋት የተመቸ ነው። እንግዳው ለሦስት ቀን መጥቶ ይሄዳል፤ ባለ ምግብ ቤቱም ዳግመኛ እንደማያየው ያውቃል። ደንበኛ የማይመለስበት ገበያ ስለ ጥራት ብዙ አይጨነቅም።

ለዚህ ጽሑፍ የመረጥናት ከተማ ቡሳን ናት። በደቡብ ኮሪያ ከሴኡል ቀጥላ ሁለተኛዋ ከተማ፣ የአገሪቱም ዋና ወደብ ነች። ሄኡንዴና ጓንጋሊ የሚባሉት አሸዋማ ዳርቻዎቿ በሐምሌና በነሐሴ በሰው ይጥለቀለቃሉ። ሶንግዶ የተባለው ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1913 ሲከፈት በኮሪያ የመጀመሪያው የሕዝብ መዋኛ ዳርቻ ነበር። ለእኛ ግን ስሟ ከዋና ይልቅ ከጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። አባቶቻችን «ፑሳን» እያሉ የሚጠሯት፣ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከመርከብ የወረደባት ወደብ ይህችው ናት። በዚያን ጊዜ ከተማይቱ የደቡብ ኮሪያ ጊዜያዊ መዲና ነበረች፤ ከሰሜን በሸሹ ስደተኞች የተጨናነቀች፣ የተራበችም ነበረች። ይህን ማስታወስ ለገበታ ምርጫ ጭምር እንደሚጠቅም ወደ ታች እናየዋለን።

በቡሳን የኮሪያና የጃፓን ምግብ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው መገኘታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ቹሺማ የተባለችው የጃፓን ደሴት ከቡሳን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ ሰማይ በጠራበት ቀን ከዳርቻው ትታያለች። ወደቡ እ.ኤ.አ. በ1876 ለጃፓን ንግድ ተከፈተ፤ ከ1910 እስከ 1945 ደግሞ አገሪቱ በሙሉ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ወደቀች። ገዥው ሲወጣ ምግቡ ቀረ። ተወቅጦ የተጠበሰ ዓሣ በእንጨት ተሰክቶ በትኩስ መረቅ ውስጥ በየመንገዱ ይሸጣል። የአገሬው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ይበላዋል፤ ሆኖም «ኦዴንግ የሚለውን የጃፓን ቃል ትተን በቋንቋችን ኦሙክ እንበለው» የሚለው ክርክር ዛሬም አለ። ፓስታን በእንጀራ የሚበላ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ጉዳይ ለመረዳት አይቸገርም።

እንግዲህ የመጀመሪያው የምርጫ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ሁለቱም ሕዝቦች ጥሬ ዓሣ ይበላሉ፤ የሚበሉት ግን በሁለት ልዩ ልዩ ምላስ ነው። ኮሪያዊው «ህዌ» ብሎ የሚጠራውን ጥሬ ዓሣ ሲያዝ፣ ዓሣው ከገንዳ በሕይወት ወጥቶ ያን ጊዜውን እንዲታረድለት ይወዳል። ሥጋው ጠንከር ብሎ ጥርስን የሚታገል ሲሆን «ይህ ነው ዓሣ!» ይላል። ከዚያም በሰላጣ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሮ፣ ኮምጣጤ የገባበት ድልህ በሚመስል ነገር አጥቅሶ ይጎርሰዋል። የጃፓኑ ወጥ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ የታረደውን ዓሣ በቅዝቃዜ ለሰዓታት፣ እንደ ዓይነቱም ለቀናት ያቆየዋል። በዚህ ጊዜ በሥጋው ውስጥ ኢኖሲኔት የሚባለው ጣዕም ሰጪ ንጥረ ነገር ይበዛል፤ ሥጋውም ይለሰልሳል። የሚቀርበውም በጥቂት የአኩሪ አተር ስጎና እንደ ሰናፍጭ አፍንጫን በሚሰነፍጠው ዋሳቢ ብቻ ነው።

ይህን ያላወቀ እንግዳ በኮሪያው ቤት «ዓሣው ጠነከረብኝ»፣ በጃፓኑ ቤት ደግሞ «ዓሣው ሟሸሸብኝ» ብሎ ሁለቱንም ይከስሳል። ሁለቱም ግን ያሰቡትን ነው የሠሩት። ሥራን ከታለመለት ዓላማ ውጭ መመዘን በሥነ ጽሑፍ ሂስ እንደሚነቀፍ ሁሉ በገበታም ይነቀፋል። ስለዚህ ተመጋቢው በር ከመግፋቱ በፊት ዛሬ የሚሻው የጥርስ ትግል ይሁን የምላስ ልስላሴ ራሱን ይጠይቅ።

ሁለተኛው ጥያቄ «የጃፓን ምግብ ቤት» የሚለው ስም ምን ማለት ነው የሚል ነው። በቡሳን ይህ ስም ቢያንስ ሦስት ዓይነት ቤቶችን ይሸፍናል። አንደኛው ኮሪያውያን «ኢልሲክ» የሚሉት ነባሩ ዓይነት ነው። በዚህ ቤት ጥሬው ዓሣ ከመቅረቡ በፊትና በኋላ ጠረጴዛው በትናንሽ ሳህኖች ይሞላል፤ በመጨረሻም ከዓሣው አጥንትና ራስ የተሠራ የሚያቃጥል ሾርባ ይመጣል። በጃፓን እንዲህ ያለ አቀራረብ የተለመደ አይደለም። ሁለተኛው እንግዳው ባንኮኒ ፊት ተቀምጦ ምርጫውን ለወጥ ቤቱ የሚተውበት የሱሺ ቤት ነው፤ ዋጋው ይከብዳል። ሦስተኛው ኢዛካያ ሲሆን፣ መጠጥ ከትናንሽ ምግቦች ጋር የሚቀርብበት የምሽት ቤት ነው።

አንዳንድ የጉዞ ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን ዓይነት «እውነተኛ ጃፓናዊ አይደለም» ብለው ያጣጥሉታል። ይህ ፍርድ የተሳሳተ ነው። ኢልሲክ የተበላሸ የጃፓን ምግብ ሳይሆን ኮሪያውያን የወረሱትን እንደ ገና ፈጥረው የራሳቸው ያደረጉት ምግብ ነው። በባሕር ቅጠል የሚጠቀለለው ሩዝም እንዲሁ ነው፤ በጃፓን ኮምጣጤ ይገባበታል፣ በኮሪያ ኪምባፕ ተብሎ የሰሊጥ ዘይት ይቀባል። አንዱ የሌላው ቅጂ ነው ብሎ የሚሟገት ሰው አንዱንም በቅጡ አልቀመሰም። የሚያስወቅሰው ቤት ሁሉንም ለመሆን የሚሞክረው ነው። ሱሺም፣ የተጠበሰ የከብት ጎድንም፣ ፒዛም፣ የቻይና ኑድልም በሥዕል ያጌጠ አንድ መዝገብ ላይ ከደረደረ፣ ያ ቤት የሚያበስለው ለማንም አይደለም። የምግብ ዝርዝሩ አጭር የሆነ ቤት ግን ስሙን በአንድ ምግብ ላይ ስላስያዘ ያን ምግብ ማበላሸት አይችልም።

ስለ ዋጋም ሳይነሣ አይታለፍም። በባሕር ምግብ ቤቶች ዝርዝር ላይ በዋጋው ቦታ «ሺጋ» የሚል ቃል ይጻፋል፤ የዕለቱ የገበያ ዋጋ ማለት ነው። ሐቀኛው ነጋዴ የሚጽፈው የዓሣ ዋጋ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ነው፤ ሌላው ደግሞ እንግዳው ለመጠየቅ እንደሚያፍር ስለሚያውቅ ነው። ኮሪያውያን ራሳቸው በበዓልና በመዝናኛ ወራት በሚደርሰው የዋጋ ንጥቂያ ይማረራሉ፤ «ባጋጂ» የሚል ስምም አላቸው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዓሣው ከገንዳ ሳይወጣ ዋጋውን መቁረጥ። በታወቀው የጃጋልቺ የዓሣ ገበያ ምድር ቤት ከሻጮቹ ገዝቶ ፎቅ ላይ መብላት የተለመደ ነው፤ ሆኖም ለጠረጴዛው፣ ለማጣፈጫውና ለሾርባው ሌላ ክፍያ እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። በኮሪያ ቤት ከዋናው ምግብ ጋር የሚመጡት ትናንሽ ሳህኖች ግን አይከፈልባቸውም፤ ሲያልቁም ይጨመራሉ። የሥጋ ጥብስ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሰው በታች ትእዛዝ አይቀበሉምና ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይህን ይወቅ።

የእኛ አገር ሰው ሌሎች ጥያቄዎችም አሉት። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ፣ ኮሪያውያን ዩክህዌ የሚሉት በሰሊጥ ዘይት የታሸ ጥሬ የበሬ ሥጋ አላቸው። የአሳማ ሥጋ የማይበላው ግን ይጠንቀቅ፤ ቡሳን የምትታወቅበት ጉክባፕ፣ ማለትም ሩዝ የገባበት ሾርባ፣ የሚሠራው ከአሳማ ነው። ጿሚው ደግሞ ኪምቺን አትክልት ብቻ አድርጎ እንዳይቆጥረው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጨው የተብላላ ትንንሽ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ይገባበታል። ለእንዲህ ያለው ተመጋቢ ሥጋም ዓሣም ነጭ ሽንኩርትም የማይገባበት የቡድሃ ገዳማት ምግብ የተሻለ ነው። አልኮል የማይቀምሰውም በጃፓን ስጎዎች ውስጥ ሚሪን የሚባል የሩዝ ወይን እንደሚገባ ያስተውል።

የሚሽላን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ቡሳንን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝሩ አስገብቷል። መመሪያ መያዝ አይከፋም። ዳሩ ግን «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ነውና፣ በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ የሰፈሩ ሠራተኛና አሮጊት የሚሰለፉበት በር ከማንኛውም ኮከብ ይበልጣል። በሄኡንዴ ባሕሩን የሚያሳየው መስኮት ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ሁለት መንገድ ወደ ኋላ የሄደ ሰው ያንኑ ዓሣ ያለ መስኮቱ ዋጋ ይበላል።

ለአንድ ምሳ ብቻ ጊዜ ያለው እንግዳ ግን ሱሺውንም ጥብሱንም ትቶ ሚልምዮን ይዘዝ እንላለን። በቀዝቃዛ መረቅ የሚቀርብ የስንዴ ኑድል ነው። ከሰሜን የሸሹት ስደተኞች በአገራቸው ኑድል የሚሠሩበትን ባክዊት የተባለ እህል በቡሳን ስላጡ፣ በእርዳታ በመጣው የአሜሪካ የስንዴ ዱቄት ተክተው እንደ ፈጠሩት ይነገራል። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ጌጥ የለውም፣ መስኮትም አይፈልግም። የቃኘው ወታደር ሲያልፍ ያያት የተራበች ከተማ ከረሃቧ ያበጀችውና ጠግባም ያልተወችው ምግብ ይህ ነው።