ሚትራል ቫልቭ፦ ማስፋት፣ መጠገን ወይስ መተካት

በኢትዮጵያ የልብ ቀዶ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ወጣቶች መካከል የብዙዎቹ ሕመም መነሻ በልጅነት የደረሰና በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ሲያጠቃ ሰውነት ለመከላከያ የሚያሰልፈው ኃይል በአንዳንዶች ላይ ዒላማውን ስቶ የልብን ቫልቮች፣ ማለትም ደም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዳይፈስ የሚያግዱትን በሮች ያቆስላል፤ ቁስሉም በተደጋገመ ቁጥር ቫልቮቹ እየወፈሩና እየተኮማተሩ፣ ጠርዞቻቸውም እርስ በርስ እየተጣበቁ ይሄዳሉ። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ከሁሉም ይበልጥ የሚጎዳው በግራው የልብ ወገን የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል የሚለየው ሚትራል ቫልቭ ሲሆን፣ ሲጠብ ደም በሳንባ ውስጥ እየተጠራቀመ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ መግጠም ሲያቅተው ደግሞ ልብ የገፋውን ደም መልሶ እንዲገፋ ያስገድደዋል። ታማሚውም ቤተሰቡም አብዝተው የሚፈሩት ደረት የሚከፈትበትን ዕለት ነው፤ በሙያው ውስጥ ለቆየ ሐኪም ግን ከባዱ ስሌት ከዚያ ዕለት በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው።

የጠበበ ቫልቭን መክፈት በልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ቀደምት ከሆኑት ሙከራዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ሄንሪ ሱታር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሚመታ ልብ ውስጥ ጣቱን አስገብቶ ቫልቩን ለማላቀቅ ሞከረ፤ ታማሚዋ ብትተርፍም ከዚያ በኋላ ለተመሳሳይ ሕክምና ሰው የላከለት ስላልነበረ ሙከራው ሳይደገም ቀረ። ሥራው የተነቃቃው እ.ኤ.አ. በ1948 ቻርልስ ቤይሊ በፊላደልፊያ፣ ድዋይት ሃርከን በቦስተን በቀናት ልዩነት ሲሳካላቸው ነው። ዛሬ የጣቱን ሥራ የሚሠራው ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ የፈለሰፈው ፊኛ ሲሆን፣ በብሽሽት ደም ሥር በኩል ወደ ልብ ደርሶ በጠበበው ቫልቭ መካከል ይነፋና የተጣበቁትን ጠርዞች ያላቅቃል። ደረት አይከፈትም፤ ታማሚውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሆኖም ፊኛው የሚያላቅቀው አሁንም መታጠፍ የሚችለውን ቫልቭ ነው። ቫልቩ ካልሲየም አዝሎ ከደነደነ፣ ብዙ ደም ወደ ኋላ የሚመልስ ከሆነ ወይም በላይኛው የልብ ክፍል የረጋ ደም ካለ ፊኛው ቫልቩን ሊቀድደው ወይም የረጋውን ደም ወደ አንጎል ሊያሻግረው ስለሚችል፣ የልብ አልትራሳውንድ (ኤኮ) ምርመራው በትዕግሥት መነበብ አለበት።

ፊኛው ካልሆነ ደረት ይከፈታል። የደረት አጥንት በመጋዝ ተከፍሎ፣ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ተሰጥቶ፣ የልብና የሳንባን ሥራ ማሽን ከተረከበ በኋላ ፖታሲየም ያለበት ፈሳሽ በልብ ደም ሥሮች ውስጥ ይለቀቅና ልብ ይቆማል። የደም መፍሰስ፣ የአንጎል ምት፣ የኩላሊት መዳከም፣ የቁስል መመርቀዝና የልብ ምት መዛባት የታወቁት ስጋቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በታማሚው አቅም የሚወሰኑ ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በእጅ ጥንቃቄ ይቀንሳሉ። ለምሳሌ ልብ ተመልሶ ከመምታቱ በፊት በክፍሎቹ ውስጥ የቀረው አየር ተሟጥጦ መውጣት አለበት፤ ይህ የሥራው ክፍል ለተመልካች አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን ትንሽ የአየር አረፋ ወደ አንጎል ብታልፍ የተዋጣው ስፌት ሁሉ ለታማሚው ትርጉም ያጣል።

ልብ ቆሞ ቫልቩ በዓይን ሲታይ ምርጫው ይመጣል። በሩን የሰውየው እንደሆነ አቆይቶ መጠገን ከሁሉም ይመረጣል፤ ፈረንሳዊው አላን ካርፓንቲየ የጥገናን ዘዴ ሥርዓት አስይዞ ካስተማረ በኋላ ብዙ ቫልቮች ከመቆረጥ ድነዋል። ይሁን እንጂ በእርጅና የላላ ቫልቭና በሩማቲክ የተኮማተረ ቫልቭ አንድ አይደሉም። የላላው ትርፍ ሥጋ ስላለው ተቆርጦ ይሰፋል፤ የተኮማተረው ሥጋ ስለሚጎድለው ጥገናው ይከብዳል፣ ሕመሙ ሲያገረሽም የተጠገነው ዳግም ሊበላሽ ይችላል።

መተካት ግድ ሲሆን ሁለት ዓይነት ቫልቭ አለ። ከከብት የልብ ሽፋን ወይም ከአሳማ ቫልቭ የሚሠራው ዘላቂ ደም ማቅጠኛ አይጠይቅም፤ ነገር ግን በወጣት ሰውነት ውስጥ ቶሎ ስለሚያረጅ ለሠላሳ ዓመት ሰው መግጠም ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናን አስቀድሞ መቅጠር ነው፤ ያም ቀዶ ሕክምና፣ ልብ ከደረት አጥንት ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ፣ ከመጀመሪያው የከበደ ነው። ከካርቦን የሚሠራው ሜካኒካል ቫልቭ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል፤ ደም ግን በላዩ ላይ ስለሚረጋ ታማሚው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ይወስዳል። መድኃኒቱ ሲያንስ ቫልቩ ሊታፈን፣ ሲበዛ አንጎል ውስጥ ሊደማ ስለሚችል የደም ቅጥነት አይኤንአር በሚባል ልኬት፣ ለሚትራል ሜካኒካል ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ እንዲቆይ በየጊዜው ይመረመራል።

መማሪያ መጻሕፍት ለወጣት ሜካኒካሉን ይመክራሉ። ምክሩ ግን በቅርብ ላቦራቶሪ እንዳለ ቆጥሮ የተሰጠ ነው፤ ለአንድ የደም ምርመራ የቀን መንገድ ለምትጓዝ ታማሚ ስሌቱ ይለወጣል። ቫይታሚን ኬ የበዛበት ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚቀንስ በዐቢይ ጾም ወራት ገበታው ሲለወጥ ልኬቱም አብሮ ሊለወጥ ይችላል፤ መፍትሔው ጎመንን መከልከል ሳይሆን መጠኑን ማመጣጠንና በጾም መግቢያና መውጫ ላይ መመርመር ነው። ሩማቲክ የልብ ሕመም ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አብዝቶ ስለሚያጠቃ ደግሞ የእርግዝና ጥያቄ አይቀሬ ነው። ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ፅንስን ሊያጎድል ይችላል፤ ሄፓሪን ወደ ፅንሱ ባያልፍም ቫልቩን ከመታፈን የመጠበቅ አቅሙ ያነሰ ነው። ስለዚህ ልጅ የምትፈልግ ሴት ሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና እያወቀች የከብቱን ቫልቭ ብትመርጥ፣ ምርጫዋን እንደ አለማወቅ የሚቆጥር ሐኪም ይሳሳታል።

ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል ከመከፈቱ በፊት ይህ ሁሉ ውሳኔ ለአብዛኛው ታማሚ ባሕር ማዶ ይሰጥ ነበር። በአገር ውስጥ መሰጠቱ ሐኪሙ ታማሚውን በኋላም እንዲያገኘው፣ የቫልቩን ድምፅ እንዲያዳምጥና የዋርፋሪኑን መጠን እንዲያስተካክል ያስችላል። ቀዶ ሕክምናው ሩማቲኩን ስለማያጠፋ፣ ሕመሙ እንዳያገረሽ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌም አይቋረጥም። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው መርፌው ጡንቻ ውስጥ ደም ሊያቁር ስለሚችል፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከመውጋቷ በፊት የቅርቡን አይኤንአር ማየትና ከወጋች በኋላ ቦታውን ለደቂቃዎች ተጭና መቆየት ይኖርባታል።