«ምን በልታ ነው?»

አክስቴ አሜሪካ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ አዲስ አበባ ያለው ቤተሰብ በስልክ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ምን በልታ ነው?» መጋቢት ላይ የመኪናዋን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች ይጠፋባት ጀመር። ሰኔ ላይ የልጇን ስም ረሳች። ነሐሴ ላይ ቀበርናት። ሐኪሞቹ በሽታው ክሮይትስፌልት-ያኮብ ይባላል አሉን። «ከየት መጣባት?» ስንላቸው «በድንገት፤ ከየትም» አሉ። እናቴ ይህን መልስ እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም። «አንቺ ልጅ፣ በደንብ ጠይቂያቸው» ትለኝ ነበር። ሥጋው ይሆናል፤ ጭንቀቱ ይሆናል፤ የሰው ዓይን ይሆናል። ብቻ አንድ ነገር መሆን አለበት።

የዲ. ቲ. ማክስን መጽሐፍ ያነሳሁት ያንን አንድ ነገር ፍለጋ ነው። በ2006 የወጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ርዕሱ ወደኛ ቢመለስ «መተኛት ያቃተው ቤተሰብ» ይሆናል። ስለ ፕሪዮን በሽታዎች ነው የሚያወራው። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ወድጄዋለሁም። ግን ጥል አለኝ ከሱ ጋር። የምጽፈው ስለ ጥሉ ነው።

መጀመሪያ ግን ፕሪዮን ምንድን ነው? ቫይረስ አይደለም፤ ባክቴሪያም አይደለም። ሁላችንም አንጎል ውስጥ ያለ፣ የገዛ ጂናችን የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ማለት የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ ተጣጥፎ ቅርጽ ሲይዝ ሥራውን ይሠራል። አንዳንዴ ግን ያው ሰንሰለት፣ አንድም ነገር ሳይቀየርበት፣ በሌላ ቅርጽ ይታጠፋል። አማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። «አለ» የሚለውን ቃል እዩት። ሲላላ «ተናገረ» ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። ፊደሉ ያው፣ ንባቡ ሁለት። ልዩነቱ ምንድን ነው፣ በአንጎል ውስጥ የተሳሳተው ንባብ ጎረቤቱንም ያሳስታል። አንዱ ሌላውን፣ ሌላው ሌላውን እያጣመመ ይሄዳል፤ ሴሎች ይሞታሉ፣ አንጎሉ እንደ ስፖንጅ ይበሳሳል።

ማክስ ታሪኩን የሚጀምረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቬኒስ ውስጥ ከሞተ አንድ ሐኪም ነው። ከዚያ የቤተሰቡን ሐረግ ይዞ እስከ ዘመናችን ይወርዳል። ሰዎቹ ብዙውን ጊዜ በጎልማሳነታቸው እንቅልፍ ይከለከላሉ፤ ያልባቸዋል፤ የዓይናቸው ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል፤ በወራት ውስጥ ይሞታሉ። ቤተሰቡ ለትውልዶች አፍሮ ዝም ብሏል። ዝምታውን የሰበረው አንድ ሐኪም አማች ነው፤ ታማሚውን ቦሎኛ ወዳለው የእንቅልፍ ሐኪም ወደ ኤሊዮ ሉጋሬሲ ወሰደው፤ በ1986 በሽታው በሳይንስ መጽሔት ላይ ስም አገኘ። በኋላ ምክንያቱም ታወቀ፦ በፕሪዮን ጂን ላይ፣ ቁጥር 178 ቦታ፣ አንዲት ለውጥ። ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። እነዚህን ምዕራፎች ሳነብ አለቀስኩ። ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። እነሱ ቢያንስ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ።

ጥሌ የሚጀምረው እዚህ ነው። መጽሐፉ መነሻ ካላቸው ታሪኮች አይወጣም። ቀጥሎ የሚወስደን የእብድ ላም በሽታ ወደነበረባት እንግሊዝ ነው። ላሞች የላም ሥጋና አጥንት ዱቄት ተመገቡ፤ በሽታው በ1986 ታወቀ፤ በ1990 የግብርና ሚኒስትሩ ጆን ገመር ካሜራ ፊት ለትንሽ ልጁ ሃምበርገር አቀረበላት፤ በ1996 መንግሥት በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ አመነ። እዚያው አገር 178 ሰዎች ሞተዋል። እዚህ ጥፋተኛ መፈለግ ተገቢ ነው፤ ማክስም በቁጣ ሲጽፍ ያምርበታል። ነገር ግን በክሮይትስፌልት-ያኮብ ከሚታመሙት ከመቶ 85 ያህሉ ሥጋም፣ ዘርም፣ የሐኪም ስህተትም አይገኝባቸውም። በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት፣ ዝም ብሎ ይደርስበታል። አብዛኞቹ ሟቾች እነዚህ ሆነው ሳለ መጽሐፉ ውስጥ ጥግ ላይ ናቸው። ለምን? ታሪክ ስለሌላቸው። ተጠርጣሪ የለም፣ ፍንጭ የለም፣ ምዕራፍ አይወጣቸውም።

ስታንሊ ፕሩዚነር በ2014 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩም ከዚህ አያመልጥም። በ1972 አንዲት ታማሚ በዚሁ በሽታ ስትሞትበት አይቶ ምርምሩን ጀመረ፤ በ1982 «ፕሪዮን» የሚለውን ስም አወጣ፤ ብዙዎች አላገጡበት። በ1985 የፕሮቲኑ ጂን በጤነኛ እንስሳት ውስጥም ተገኘ። በ1993 ደግሞ ያ ጂን የሌላቸው አይጦች በሽታው ቢሰጣቸውም እንደማይታመሙ ታየ። ጠላት ከውጭ አልመጣም፤ የቤት ልጅ ነው ማለት ነው። በ1997 ኖቤል ተሸለመ። ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጥ ግኝት የት አለ? ፕሩዚነር ግን ገጹን የሚያባክነው ከተቃዋሚዎቹና ከጋዜጠኞች ጋር ሒሳብ በማወራረድ ነው። በሽታው ጥፋተኛ ቢያጣ፣ መጽሐፉ ሌላ ጥፋተኛ ፈለገለት።

እናቴን የገባኝ በሌላ መጽሐፍ ነው። ሸርሊ ሊንደንባውም በ1979 ስለ ኩሩ የጻፈችው ነው። ኩሩ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋማ አካባቢ የፎሬን ሕዝብ፣ በተለይ ሴቶችንና ሕፃናትን የጨረሰ የፕሪዮን በሽታ ነው። ዳንኤል ካርልተን ጋይዱሼክ በሽታው ወደ ቺምፓንዚ እንደሚተላለፍ ከባልደረቦቹ ጋር አሳይቶ በ1976 ኖቤል ወስዷል። ከሟች ዘመዶች ሥጋ ጋር፣ በለቅሶ ሥርዓት ከሚበላው ጋር፣ መያያዙን በየመንደሩ ጠይቀው ያጠናከሩት ግን ሊንደንባውምና ሮበርት ግላስ ናቸው። ፎሬዎች ራሳቸው «ድግምት ነው» ይሉ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ትልልቅ ስብሰባ እየጠሩ፣ ደጋሚዎቹ እንዲያቆሙ በአደባባይ ይለምኑ ነበር። ሚስቶቻቸውና እናቶቻቸው እያለቁ ነው። ሊንደንባውም አትስቅባቸውም፤ አታዝንላቸውምም። ጥያቄያቸውን እንደ ጥያቄ ትወስደዋለች፦ ማን ነው እንዲህ የሚያደርገን? ያን ሳነብ የሰማሁት የእናቴን ድምፅ ነው።

ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት ደግሞ፣ ኩሩ የተነሳው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በድንገት ከታመመ አንድ ሰው ነው። እንደ አክስቴ ያለ ሰው። ግምቱ ትክክል ከሆነ፣ የለቅሶው ሥርዓት በሽታውን አሰራጨው እንጂ አልፈጠረውም። ታሪክ ካለው በሽታ ሥር ታሪክ የሌለው በሽታ ተቀምጧል። ማክስ ይህን ነገር ይዞ ቢቀመጥ መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ ይሆን ነበር።

ይችል እንደነበርም አውቃለሁ። ማክስ እሱ ራሱ ፕሮቲን ተጣሞ በሚታጠፍበት፣ ነርቭና ጡንቻን በሚያደክም ሌላ ሕመም እንደተያዘ መጽሐፉ ውስጥ ይነግረናል። እነዚያ ገጾች ጥቂት ናቸው፤ ማንንም አይከሱም። ለኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጡት እነሱ ናቸው። አንድ ሰው ሰውነቱ ያለ ማንም ክፋት ሲከዳው ምን እንደሚመስል ይናገራል፣ ከዚያ ቶሎ ብሎ ወደ ተጠርጣሪዎቹ ይመለሳል።

በ2009 ተመራማሪዎች ኩሩ በነበረበት አካባቢ ሰዎች ላይ ሌላ የጂን ለውጥ ማግኘታቸውን ጻፉ። ቦታ 127 ላይ ናት፤ ከበሽታው ትከላከላለች። ይቺንም ማንም አልላካትም። 178 ላይ ያለችው ትገድላለች፣ 127 ላይ ያለችው ታድናለች፤ ሁለቱም የመገልበጥ ስህተት ናቸው፤ የማንም ቁጣ፣ የማንም ውለታ አይደሉም።

ማክስን አንብቡት፤ ግን ከሊንደንባውም ጋር አብራችሁ አንብቡት። አንዱ መልስ እንዴት እንደሚታደን ያሳያል፤ ሌላዋ ሰው ለምን እንደሚያድን። እኔ ለእናቴ የምላት ያው ነው፦ «ምንም አልበላችም።» ዝም ትላለች። ከዚያ ሌላ ቀን ደውላ እንደ አዲስ ትጠይቀኛለች። አሁን አልቆጣም።