አራተኛው ዓምድ

ፕሮፖዛል ሲሰጠኝ ንባቤን የምጀምረው ከመጨረሻው ነው። መግቢያው፣ የችግሩ ትንተና፣ ራዕይና ተልዕኮው ይቆዩና ሎግ ፍሬሙን፣ የፕሮጀክቱ ውጤትና ዓላማ የሚሰፍርበትን ሠንጠረዥ፣ አወጣለሁ፤ ከእሱም ውስጥ «ታሳቢዎች» የሚለውን በቀኝ ጠርዝ ያለ አራተኛ ዓምድ። አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ሦስት መስመር ነው፦ ሰላምና መረጋጋት ይኖራል፤ የሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ይተባበራሉ፤ ኅብረተሰቡ በንቃት ይሳተፋል። ይህን ያነበበ ሰው ፕሮጀክቱ ጎዴ ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ስለ ውኃ ይሁን ስለ ክትባት ማወቅ አይችልም። የማስገቢያው ሰዓት ሲደርስ ከአምናው ሰነድ ተገልብጦ የተለጠፈ ነው።

ሠንጠረዡን በ1969 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የዕርዳታ መሥሪያ ቤት ለዩኤስኤአይዲ ያዘጋጁት እነ ሊዮን ሮዘንበርግ ነበሩ። ያኔ ያስቸገራቸው ዛሬም ያስቸግረናል፦ የፕሮጀክቶች ዓላማ ድፍን ያለ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ በምን በምን እንደሚጠየቅ አይታወቅም፤ ግምገማ ሲመጣም ነገሩ ወደ መካሰስ ይዞራል። አራተኛው ዓምድ የመጣው ይህን ለመለየት ነው። እኔ የምጠየቅበት ይህ ነው፤ ከእጄ ውጭ ሆኖ ሳለ ካልተሟላ ድካሜን ሁሉ ገደል የሚከተው ደግሞ ያ ነው ለማለት።

አንድ የውኃ ፕሮጀክት ልውሰድ። ውጤት፦ አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ የተገጠመላቸው ስድስት ጉድጓዶች። ዓላማ፦ የቀበሌው ነዋሪ ዓመቱን ሙሉ ንጹሕ ውኃ ያገኛል። ከስድስት ፓምፕ ተነስቶ ዓመት ሙሉ ውኃ ላይ የሚያደርሰው ምንድን ነው? የፓምፑ ጎማዎች በሥራ ብዛት ያልቃሉ፤ ካለቁ እጀታው ቢወዘወዝ ውኃ የለም። መቀየሩ ከባድ አይደለም፤ አፍሪዴቭ የተሠራው እንዲያውም የመንደሩ ሰው በራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ግን ጎማው የት ይሸጣል? በማን ገንዘብ? መፍቻው ማን ቤት ይቀመጣል? ስለዚህ «ኅብረተሰቡ በንቃት ይሳተፋል» ተሰርዞ ሁለት መስመር ይገባል፦ የውኃ ኮሚቴው በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል፤ መለዋወጫ በወረዳው ከተማ ይገኛል።

ሥራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱን መስመር ይሆናል ወይ ብሎ መጠየቅ። እርግጠኛ ከሆንን ይውጣ፣ ቦታ አያጣብብ። ሊሆንም ላይሆንም የሚችለው ይቆይና በየሩብ ዓመቱ ይታይ። በወረዳው ከተማ መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ከሌለ ግን ነገሩ ታሳቢ መሆኑ ቀርቶ ተግባር ሆነ፤ ነጋዴ ፈልጎ መስማማት የእኛ ሥራ ነው፤ ባጀት ይያዝለት። ልንለውጠው የማንችለው፣ እንደማይሆንም የምናውቀው ከመጣ ፕሮጀክቱን መተው ነው። የለጋሹ ጥሪ ምንም ያህል ቢያጓጓ።

«ጋሼ፣ ይህን ከጻፍን እኮ ገንዘቡን አይሰጡንም» ይሉኛል ፕሮፖዛሉን የሚጽፉት ልጆች። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ ድፍረት የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። ግን ፕሮፖዛል የሚገመግመው ሰው ያንኑ ሦስት መስመር ሲያነብ የዋለ ነው። የጎማውን ነገር የጻፈ ድርጅት ቦታውን ረግጦ እንደመጣ ይገባዋል።

ሕጉም የራሱን ልማድ ትቶብናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 የአስተዳደር ወጪን ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ፣ ሄዶ የማየቱ የጉዞና የክትትል ወጪ በአብዛኛው እዚያው ውስጥ ይቆጠር ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርደውም፣ የአስተዳደር ወጪ የሚለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘውን ነው። ያም ሆኖ ክትትልን እንደ ጥፋት በባጀቱ ጥግ የሚደብቅ ጸሐፊ ዛሬም አያለሁ። ፓምፑ ከሁለት ዓመት በኋላ ውኃ ይስጥ አይስጥ ሄዶ ካልታየ በምን ይታወቃል?

ስለ ገንዘቡም «የምንዛሪ ተመን ብዙም አይለዋወጥም» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውሉ በዶላር የሆነለት ብሩ በዛለት። በብር የተዋዋለው ከውጭ የሚመጣውን ቱቦና ፓምፕ በየትኛው ዋጋ ይግዛ?

የአምስት ዓመቱ ስትራቴጂክ ዕቅድም ከዚህ በሽታ አያመልጥም። ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሆቴል ይያዛል፤ ፍሊፕ ቻርቱ ላይ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት ተብሎ በአራት ይከፈላል፤ ስጋት ሥር «የለጋሾች ፍላጎት መቀነስ» ይጻፍና ሻይ ዕረፍት ይወጣል። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ እንዲቆም ሲታዘዝ ያ መስመር በየሰነዱ ነበረ፤ ከሥሩ ግን ምን እንደሚደረግ አልተጻፈም። ሎግ ፍሬሙን ያሠራው መሥሪያ ቤት ራሱ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ።

አሁን ዕቅድ ሳማክር ቦርዱን የምጠይቀው ዋናው ለጋሽ ነገ ቢቀር የትኛው ሥራ እንደሚቀጥልና የትኛው እንደሚቆም ነው፤ በስም፣ በቅደም ተከተል። በእድሮች ላይ የተመሠረተ አንድ ማኅበር ዘንድ ክርክሩ ሙሉ ቀን ፈጀ። የሕፃናቱ ምገባ በእድሮቹ መዋጮ ይቀጥላል፤ ሥልጠናው ይቆማል፤ መኪናው ይሸጣል ተባለ። ሰብሳቢዋ ቃለ ጉባኤውን አስፈረሙ። ሒሳብ ሹሙ ግን መኪናው ላይ አልተስማማም። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና እንዲህ በቀላሉ አይሸጥም ይላል፤ እውነቱን ነው፤ በዕቅዱም ላይ እንደ ታሳቢ ተጽፏል።